ከካርታው የወጣችው ቁጥር ሠላሳ አንድ

መሥሪያ ቤት ሄዶ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ያልተባለ ሰው ከመካከላችሁ አለ ብዬ አልገምትም። እኔ ልነግራችሁ የተነሣሁት ግን ሲስተም ስለነበረባቸው ሦስት ቀናት ነው። መብራት አልጠፋም፣ ኔትወርክ አልተቋረጠም፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድ ሰፈር ሙሉ ሕዝብ ጠብታ ውሃ ሳያገኝ ዋለ። ሲስተሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰላማዊት እባላለሁ፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ያለች አንዲት ከተማ የውሃ አገልግሎት የመረጃ ባለሙያ እንደሚፈልግ ሰማሁ። አገሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ሳላጣራ ሻንጣዬን አነሣሁ። ከተማዋ ከአሶሳ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ታስኬዳለች። ስሟን አልጠራም። የማወራላችሁ ሰዎች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ፤ የእነርሱንም ስም ለውጬዋለሁ።

የደረስኩ ቀን ላብ አጥምቆኝ የቢሮው በረንዳ ላይ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ቀልጣፋ ሴት መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«አንቺ ነሽ አዲሷ የኮምፒውተር ልጅ? ቤት አገኘሽ?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሽ!»

ሙሉ ትባላለች፤ የደንበኞች አገልግሎት ባለሙያ ነበረች። አባቷ በደርግ ዘመን ከወሎ ተነሥተው ፓዌ ከሰፈሩት ገበሬዎች አንዱ ናቸው። ፓዌ ተወልዳ ብታድግም «አብሽሪ» የሚለው የወሎዎች አይዞሽ ከአፏ አይጠፋም። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ ብቻዋን ትኖራለች። ግቢዋ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱን አጽድታ ሰጠችኝ። በሦስተኛው ወር ወባ ጥሎኝ ስንቀጠቀጥ አራት ቀን ከአጠገቤ አልተለየችም። ሾርባውን በማንኪያ አጠጣችኝ፣ ፀጉሬን ሳይቀር አጠበችልኝ። «እህት አልነበረኝም፤ ይኸው ከማርቆስ ድረስ ላከልኝ» ትለኝ ነበር። ያኔ የዋሸችኝ አይመስለኝም። ነገሩን ከባድ የሚያደርግብኝም ይኸው ነው።

የሙሉ ግቢ ሌላም በረከት ነበረው። ከተማው በፈረቃ፣ በአራት ቀን አንዴ ውሃ ሲያገኝ፣ የእኛ ቧንቧ ጠዋትም ማታም ይፈስሳል። የቢሮ ሰዎች «ደህና ሰፈር ገባሽ» ሲሉኝ እስቅ ነበር። ለምን እንደማይጠፋ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኜ!

ሁለተኛው ሰው ጋሽ ባበክር ናቸው። የሱዳን ድንበር ላይ ያለችው የኩርሙክ ተወላጅ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ረጅም፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉ ሰው። ሥራቸው የመስመር ቫልቮችን መክፈትና መዝጋት ነበር። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ለመላው ከተማ በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ፣ ታችኛው ሰፈር እንዲደርሰው ላይኛው መዘጋት አለበት። የትኛው ተዘግቶ የትኛው እንደሚከፈት የሚያውቁት ጋሽ ባበክር ብቻ ነበሩ። ካርታ የለም፣ መዝገብ የለም፤ ሁሉም በእርሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እርሳቸው ሲታመሙ ከተማውም አብሮ ይታመማል።

የእኔ ሥራ ያንን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። ያላስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። «ባበክር አይነግርሽም። እሱን ከነገረሽ ምን ቀረው?» ይሉኛል። ጋሽ ባበክር ግን ምንም ሳይደብቁ ነገሩኝ። አራት ወር ሙሉ ከተማውን በእግር አዳረስነው። እርሳቸው ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርሰውን የቫልቭ ቁልፍ ተሸክመው ከፊት፣ እኔ ታብሌቴን ይዤ ከኋላ። እርሳቸው ያሳዩኛል፤ እኔ ቦታውን መዝግቤ የሲሚንቶ ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር እጽፋለሁ። አማርኛ የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለዩም፤ ለእርሳቸው ሁላችንም «አንተ» ነን። እኔን «ያ ቢንቲ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ያ ቢንቲ፣ ጆሮ እዚህ አድርግ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ቁልፉን ቫልቩ ላይ ተክለው።

ጆሮዬን ብረቱ ላይ አስደገፍኩ። ከመሬት ውስጥ የውሃው ድምፅ ሽ... እያለ በብረቱ ወጣ።

«ይሄ ውሃ እየሄደ ነው። ዝም ካለ ውሃ የለም። ኮምፒውተር ይሄን ይሰማል?»

«አይሰማም፣ ጋሽ ባበክር።»

«እንግዲያ አንተ ስማለት» ብለው ሳቁ።

ሥራው አልቆ ሊመረቅ አሥር ቀን ሲቀረው ለአምስት ቀን ስልጠና አሶሳ ተላክሁ። እኔ በሌለሁበት የደንበኞች ቅሬታ ሲስተሙ ላይ መመዝገብ ስለነበረበት የይለፍ ቃሌን ለሙሉ ሰጠኋት። ለራሷ መግቢያ ለመክፈት ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። በእኔና በሙሉ መካከል ምን ልዩነት አለ ብዬ ተውኩት።

ስመለስ ጋሽ ባበክር ሌላ ሰው ሆነው ጠበቁኝ። ሰላምታቸው አጠረ፤ «ያ ቢንቲ» ማለታቸውም ቀረ። ታብሌታቸውን ሳስረክባቸው ዓይኔን አላዩም። ማታ ለሙሉ ነገርኳት።

«ምን ይደረግ፣ ሥራው ከእጁ ወጣ» አለችኝ የልጆቿን ዩኒፎርም እየተኮሰች። «ደስ እንዲለው ትጠብቂያለሽ እንዴ? ተጠንቀቂው ብቻ።»

ሰኞ ሲስተሙ ተመረቀ። ከአሶሳ ከክልሉ ውሃ ቢሮ እንግዶች መጡ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ በትልቁ ስክሪን ላይ የከተማው መስመር በሙሉ ሲበራ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ሥራ አስኪያጁ ማይክ ይዘው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማን ይከፈት፣ ማን ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው ሲስተሙ ነው። ታብሌቱ ያላዘዘውን ቫልቭ የሚነካ ሠራተኛ ራሱን ከሥራ እንዳሰናበተ ይቁጠረው» አሉ። ይህን ሲናገሩ ጋሽ ባበክር ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። እኔ በደስታ ሰክሬ ነበርና ፊታቸውን አላየሁም።

ማክሰኞ የታችኛው ሰፈር ተራ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሰፈሩ ላለ ደንበኛ ሁሉ «ዛሬ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ውሃ ይደርስዎታል» የሚል መልእክት ላክሁ። የጋሽ ባበክር ታብሌት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ቁጥር ዘረዘረ። እርሳቸውም አንድ በአንድ «ተፈጽሟል» እያሉ መለሱ። ስክሪኔ አረንጓዴ ለበሰ። እስከ ቀትር ድረስ ከወንበሬ አልተነሣሁም፤ ልጇን ስታስመርቅ እንደምትውል እናት ስክሪኑን ሳየው ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ መጮኽ ጀመረ። ውሃ የለም።

ጋሽ ባበክር ሲመለሱ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። «ጋሽ ባበክር፣ የታችኛውን ዋና ቫልቭ ከፍተውታል?»

«ከፍቻለሁ።»

«ታዲያ ውሃው የት ሄደ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ነው የሚያውቀው» ብለውኝ አለፉ።

ሽሙጥ መሰለኝ። ሙሉ ትከሻዬን ይዛ፣ «የመጀመሪያ ቀን ነው፣ አብሽሪ» አለችኝ።

ረቡዕ መልእክቱን ደግሜ ላክሁ፤ ይቅርታ ጨመርኩበት። ስክሪኑ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። በአምስት ሰዓት የቢሮው ግቢ በቢጫ ጄሪካን ተሞላ። ጊዜው መጋቢት ነበር፤ በዚያ አገር መጋቢት ላይ ጥላ ውስጥ እንኳ ያቃጥላል። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ስልኳን ወደ ፊቴ ዘርግታ፣ «አንተ ነው የላከው?» አለችኝ፤ አማርኛዋ እንደ ጋሽ ባበክር ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ትናንት ውሃ ይመጣል ብለህ ጻፍክ። እኔ ወንዝ አልሄድኩ፣ ቤት ቁጭ አልኩ። ውሃ የለም። ዛሬ ጻፍክ። ቁጭ አልኩ። ውሃ የለም።» ልጁን ወደ እኔ አዞረችው፤ ከንፈሩ ደርቋል። «ዱሮ ባበክር ይናገራል፣ ውሃ ይመጣል። አንተ ለምን ትዋሻለህ?»

ምንም ሲስተም ባይኖር ሴትዮዋ ወንዝ ትሄድ ነበር። እቤቷ ያስቀመጣት የእኔ መልእክት ነው። ወደ ቢሮ ገብቼ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ሁሉም «ተፈጽሟል» ይላል። ስለዚህ ማሽኑ ካልዋሸ ሰው ዋሽቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የታየኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡን። እኔ፣ ሙሉ፣ ጋሽ ባበክርና ሁለት ቴክኒሺያኖች ነበርን።

«ሦስተኛ ቀን ሆነን። ሕዝብ በር ላይ ነው። ችግሩ ምንድን ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ማንም ሳይቀድመኝ ተናገርኩ። «ሲስተሙ ችግር የለበትም። ትዕዛዙ በትክክል ይወጣል። መሬት ላይ ግን የታዘዘው እየተሠራ አይደለም።»

«ግልጽ አድርጊው።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሙሉ ከጠረጴዛው በታች እጄን ጨበጥ አደረገችኝ፤ አይዞሽ እንደማለት። ቀጠልኩ። «ጋሽ ባበክር ሳይከፍቱ ከፍቻለሁ እያሉ ይመልሳሉ። ሲስተሙ እንዲወድቅ ይፈልጋሉ። ሥራቸውን የቀማባቸው ይመስላቸዋል።»

ጋሽ ባበክር አልተቆጡም። ትኩር ብለው አዩኝ፤ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

«አንተ ነው ይሄን የሚለው?»

«አዎ።»

«አንተ?»

«አዎ፣ ጋሽ ባበክር።»

ተነሥተው ቁልፉን ግድግዳው ላይ አስደገፉት፤ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ኸላስ» አሉ፣ በቃ ማለታቸው ነው። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። ሥራ አስኪያጁ እዚያው የእገዳ ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዙ። ሙሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጎበዝ» አለችኝ።

ቫልቮቹን ማን ይከፍታል ሲባል «እኔ ራሴ» አልኩ። እልህ ይዞኝ ነበር። በባጃጅ ታችኛው ሰፈር ወረድኩና የዋናውን ቫልቭ ክዳን አነሣሁ። ቁልፉ ከገመትኩት በላይ ይከብዳል። ለመክፈት ወደ ግራ ስታገል ቫልቩ ንቅንቅ አልልም አለ። ወደ ቀኝ ስሞክረው ዞረ። ያኔ ገባኝ፤ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው ያለው። ሴቶቹ ከበውኛል። ጆሮዬን ብረቱ ላይ አስደገፍኩ።

ጸጥ ያለ ነው። ምንም የለም።

«አለ?» አለችኝ አንዷ።

«የለም» አልኩ። ድምፄ ከራሴ ጆሮ የራቀ መሰለኝ። ጋሽ ባበክር አልዋሹም ነበር።

እንግዲህ ውሃው ከታንከሩ ወጥቶ እዚህ ካልደረሰ መንገድ ላይ የሚወስደው አለ። ቁልፉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ መስመሩን ተከትዬ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ ናላ ይበጠብጣል። በየክዳኑ እየቆምኩ አዳምጣለሁ፤ ዝም፣ ዝም፣ ዝም። ታንከሩ ያለበት ኮረብታ ሥር መስመሩ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስኩ። ወደ ላይኛው ሰፈር የሚገነጠለው መስመር ላይ አንድ ክዳን አለ። በቀይ ቀለም «31» ተጽፎበታል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ከጋሽ ባበክር ጋር የጻፍነው።

ታብሌቱን አወጣሁ። ካርታው ላይ ሠላሳ አለ፣ ሠላሳ ሁለት አለ። ሠላሳ አንድ የለም።

ክዳኑን አንሥቼ ቁልፉን ተከልኩ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ብረቱ ያገሣል። የከተማው ውሃ በዚያ በኩል ይጎርፋል። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። ዱሮ የታችኛው ሰፈር ተራ ሲደርስ ጋሽ ባበክር ለጥቂት ሰዓታት ይዘጉት የነበረው ይኸው ነው፤ አሁን ግን ካርታው ላይ ስለሌለ ሲስተሙ «ዝጋው» ብሎ አላዘዘም፣ ሳይታዘዝ መንካት ደግሞ ከሥራ ያስባርራል። ክዳኑ ላይ ተቀምጬ የሲስተሙን የለውጥ ታሪክ ከፈትኩ። ማንኛውም ነገር ሲጠፋ ማን እንዳጠፋው እንዲመዘግብ አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ። እንዲህ ይላል፤ ቫልቭ 31 ተሰርዟል፤ ሰራዥ፣ ሰላማዊት።

ቀኑን አየሁ። ያን ቀን እኔ አሶሳ ስልጠና ላይ ነበርኩ።

ላይኛውን መስመር በዓይኔ ተከተልኩት። የሥራ አስኪያጁ አዲስ ቤት አለ። ከእርሱ ቀጥሎ የሁለት የከተማ ባለሥልጣናት ግቢ። ዝቅ ብሎ የማንጎ ዛፍ ያለበት፣ ሰማያዊ በር። የእኛ ቤት። ውሃ የማይጠፋበት የሙሉ ቤት።

ተነሣሁና ቫልቩን ዘጋሁት። ስንት ጊዜ እንዳዞርኩት አላውቅም፤ መዳፌ ተልጦ ነበር። የብረቱ ግሣት ቀስ በቀስ ቀጥኖ ቀጥኖ ጠፋ።

ቤት ስደርስ ሙሉ ጓሮ ነበረች። የውሃ ጎማ ይዛ የጎመን መደቧን ስታጠጣ ቆይታ፣ አሁን የደረቀውን ጎማ አፍ ወደ ላይ አድርጋ ትመለከታለች።

«መጣሽ? ውሃው ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«ዘጋሁት።»

ፊቷ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ድንጋጤ ሳይሆን ድካም ነበር። ጎማውን አልጣለችውም።

«ሙሉዬ፣ ሠላሳ አንድን አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?»

«ታዝዤ ነው።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማን እንደሚያዝ አታውቂም? ያ ስክሪን ለአሶሳ ሰዎች ሊታይ ነው። ላይኛው ሰፈር ቀን ተቀን ውሃ እንደሚወስድ በቀለም ሊታይ! 'ያቺ ቁጥር አትታይ' አሉኝ። የቡድን መሪነቱን ቦታ ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ ሰሊ።»

«በእኔ ስም?»

«ያንቺ ስም አይጎዳም ብዬ ነዋ! አንቺን ማን ያባርርሻል? ሲስተሙን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። የእኔ ስም ቢሆን ኖሮ ግን ልጆቼን ይዤ የት እወድቃለሁ? አንቺ ሁለት ዓመት ሠርተሽ አገርሽ ትገቢያለሽ። እኔ አገሬ ይሄ ነው።»

«ጋሽ ባበክርስ? ሽማግሌውን አሳሰርሺኝ... አሳገድሺኝ እኮ!» ቃሉ እየተምታታብኝ ነበር። «እጄን ይዘሽ!»

እዚህ ላይ ነው በሕይወቴ የማልረሳውን የተናገረችው። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ባበክርን ያሳገድሽው አንቺ ነሽ። እኔ ስብሰባው ላይ አንድ ቃል ተንፍሻለሁ?»

እውነቷን ነው። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ያን ምሽት ሻንጣዬን ይዤ አንድ አልጋ ቤት ገባሁ። ስወጣ ትንሿ ልጇ «ሰሊ የት ነው የምትሄጂው?» እያለች እስከ በሩ ተከተለችኝ። ሙሉ ከቤት አልወጣችም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ባበክር ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ አልጋ አውጥተው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወንበር አቀረቡልኝ፤ ውሃም በጣሳ ሰጡኝ። ታችኛው ሰፈር ነበር ቤታቸው። ሦስቱን ቀን የእርሳቸውም ቤት ጠምቶት እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት።

ቆሜ ነገርኳቸው፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ስለ ይለፍ ቃሌ፣ ስለ ሙሉ፣ ስለ ሠላሳ አንድ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ሠላሳ አንድ ጠፋ ብዬ ነግሬያለሁ እኮ» አሉ በመጨረሻ።

«ለማን?»

«ለሙሉ። አንተ አሶሳ ሄደሃል። ቢሮ ውስጥ ካርታ አየሁ፣ የለም። ለሙሉ ነገርኩ። እሱ አለ፣ 'ሰላማዊት ራሱ አወጣ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተስማማ፣ ዝም በል።'» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ አዘንኩ። አራት ወር አብሮ ሄደ፣ አብሮ ጻፈ፣ ከዚያ ሸጠ አልኩ። ስብሰባ ላይ ደግሞ እኔን ውሸታም ሲያደርግ፣ ይሄ ልጅ ምን ዓይነት ልብ አለው አልኩ።»

«ጋሽ ባበክር፣ ለምን እኔን አልጠየቁኝም?»

«አንተስ እኔን ለምን አልጠየቅህም?»

ጣሳውን ለባለቤታቸው መልሼ ወጣሁ።

ወደ ቢሮ ተመልሼ፣ ሠራተኛው ጠዋት ፊርማ ለመፈረም በተሰበሰበበት በረንዳ ላይ ቆምኩና ተናገርኩ። ጋሽ ባበክር እንዳልዋሹ፣ ያለ ማስረጃ የወነጀልኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ሠላሳ አንድ ከካርታው ወጥታ እንደነበር። ሙሉ በመስኮቷ ታየኛለች። ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ማስረጃውን ስዘረጋላቸው ወረቀቱን አዩና፣ «እዚህ ላይ የተጻፈው ያንቺ ስም ነው» አሉኝ። «የይለፍ ቃልሽን ለሰው መስጠትሽ ራሱ ጥፋት ነው።» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ለአሶሳም ጻፍኩ፤ «ደርሶናል፣ እናየዋለን» አሉኝ።

ጋሽ ባበክር በሳምንቱ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ያለ እርሳቸው ከተማው ሊጠጣ አልቻለማ። ሲስተሙ ግን ተዘጋ። በሩ ላይ «በሲስተም ብልሽት ምክንያት ወደ ቀድሞው አሠራር መመለሳችንን እናሳውቃለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ታብሌቶቹ ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ። ሙሉ የቡድን መሪ ሆነች። በየስብሰባው ሪፖርት ሲቀርብ «ሠራተኛው ለቴክኖሎጂ ያለው አመለካከት ዝቅተኛ መሆን» የሚል ዓረፍተ ነገር እሰማ ነበር። ጋሽ ባበክርን ማለታቸው ነው። ቁልፋቸውን ተሸክመው አራት ወር በፀሐይ ያስተማሩኝን ሰው!

ከአምስት ወር በኋላ ለቀቅኩ። ዛሬ ሌላ ክልል፣ ሌላ ከተማ፣ ያንኑ ዓይነት ሥራ እሠራለሁ። ሥራችን ለምን እንደሚከሽፍ ስንወያይ መብራት፣ ኔትወርክ፣ በጀት፣ ስልጠና ይባላል። አልክድም፣ ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ሁሉም ነበረኝ። የጎደለኝ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነበር፤ እርሱን ደግሞ የገዛ ቤቴ ቧንቧ ሲፈስስ እያየሁ ነው ያልጠየቅኩት። አሁን ስክሪኑ አንድ፣ ሰው ሌላ ሲለኝ ተነሥቼ ወደ ሰውየው እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ ያስረፍደኛል፤ አለቆቼም አይወዱልኝም።

እናንተ ሙሉን ይቅር በያት ትሉኝ ይሆናል። ልባችሁ ያዘዛችሁን በሉኝ፣ አልቀየምም። ባለፈው ዓመት ወባ እንደገና ጥሎኝ ብቻዬን ስንቀጠቀጥ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት፤ ስሟን ጠርቼም ነበር መሰለኝ። ከበሽታው ይልቅ ያመመኝ ይኸው ነው። እህቴ ነበረች፣ ሸጠችኝ፤ ሁለቱም እውነት ናቸውና አንዱን ለማጥፋት ብሞክርም አልተሳካልኝም።

ጋሽ ባበክር ጡረታ መውጣታቸውን የሰማሁት በቅርቡ ነው። ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሡት።

«ማን ልበል?»

«ሰላማዊት ነኝ፣ ጋሽ ባበክር።»

ከበስተጀርባ የልጆች ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። የዘጉት መስሎኝ ስልኬን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁ፤ አልዘጉም።

«አንተ ያለህበት አገር ውሃ አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ ጋሽ ባበክር።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም አይደለም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ሥራ አለህ» አሉና ስልኩን ዘጉት።